ጎታ ውስጥ የተቀበረው ገጀራ

እንጅባራ ዳር፣ ቀርከሃው ከቤቱ በላይ ከሚቆምበት ሰፈር፣ ዋጋዬ የምትባል ሴት አለች። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ስሙ እንግዳው ይባላል። እጁ የተባረከ ነው፣ ከቀርከሃ የሚሠራው ወንበር ዳንግላ ድረስ ይፈለጋል። ታዲያ አንዳንዴ የአእምሮ ሕመም ይነሣበታል፤ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል።

ዋጋዬ ሕመሙ መጣ ብላ ስትጠረጥር አንድ ዘዴ ነበራት። ልጇ ሳያይ ቀርከሃ የሚሰነጥቅበትን ገጀራ ከነመጥረቢያው ወስዳ ገብስ ጎታ ውስጥ ትቀብረዋለች። ከዚያ ኡኡ ብላ ጎረቤት ትጠራና በገመድ ታሳስረዋለች። ክፋት አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ሰው "ልጅሽ የት ጠፋ?" ብሎ ሲጠይቃት ግን "ጠበል ወስጄው ነበር" ትላለች።

ባለሱቋ ጎረቤቷ ፈሪዳ መጥረቢያ ልትዋስ መጥታ ባጣች ቁጥር፣ "ሙሽራ ናት እንዴ መጥረቢያሽ፣ ሁልጊዜ የምትሸሸገው?" እያለች ትቀልድባት ነበር።

ዘንድሮ መስቀል እንዳለፈ እናትና ልጅ ለክትትል ጤና ጣቢያ ሄዱ። የአእምሮ ሕመምተኞችን የምታየዋ ነርስ ሲስተር ቤዛዊት ወንበሯን ወደ እንግዳው አዞረች።

"ሕመሙ ሊነሣብህ ሲል በምን ታውቃለህ?"

"እንቅልፍ ያጣል" አለች ዋጋዬ።

"እማማ፣ እሱን ነው የጠየቅሁት። እርስዎም ይደርስዎታል።"

ዋጋዬ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

እንግዳው መሬት መሬት እያየ መለሰ። "ቀርከሃው ሲሰነጠቅ ስሜን የጠራኝ ይመስለኛል። ያን ጊዜ ገና ራሴን አልሳትሁም። ሥራዬን አቁሜ ለሰው ልናገር እላለሁ።"

"ታዲያ ለምን አትናገርም?"

"ዘወር ስል ገጀራው የለም። ጎታው ሥር ገብስ ፈስሶ አያለሁ። ገመዱ ሊመጣ ነው እላለሁ፤ ከዚያ ወደ ጫካ መሮጥ ነው።"

ዋጋዬ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ልጇን ጫካ ለጫካ ያንከራተተው ሕመሙ ብቻ መስሏት ኖራለች። ደግሞ እኮ ገብሱን ጠርጌያለሁ ትል ነበር።

"እንግዲያው ገጀራውን ማን ይያዝልህ?" አለች ሲስተር።

ዋጋዬ እጇን ልትዘረጋ ቃጣት።

"ፈሪዳ" አለ።

"እናትህስ?"

"እማየ ታስራለች።"

በቁጣ አልነበረም፤ እማየ ገብስ ትቆላለች እንደማለት ነው የተናገረው። ያ ነው የባሰባት።

ተስማሙ። ድምፁ ሲጠራው ገጀራውን ራሱ ለፈሪዳ ይሰጣል፤ ከዚያ ከእናቱ ጋር ጤና ጣቢያ ይመጣል። ካልቻለ ወይም ሰው ላይ ከተነሣ ለሲስተር ይደወላል፤ ይህንንም ያለው ራሱ እንግዳው ነው።

"የእርስዎ ድርሻ አለመጮህ ነው፣ እማማ።"

በባጃጅ ተመለሱ። ፈሪዳ ነገሩን ስትሰማ፣ "ሙሽራይቱ ቤት ቀየረች በይኛ፣ እቴ" አለች። ወዲያው ግን የዋጋዬን ፊት አይታ፣ ሱቋ ውስጥ ለገጀራው ቦታ ታስለቅቅ ጀመር።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ውርጭ ያለበት ጠዋት፣ ከጓሮ የቀርከሃው ድምፅ ድንገት ተቋረጠ። ዋጋዬ በሩ ላይ ስትደርስ እንግዳው ገጀራውን እንደያዘ ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል። ኡኡ ልትል አፏን ከፈተች። በአጥሩ ማዶ ደግሞ አየነው የሚባለው ጎረቤቷ ያልፋል፤ ሁልጊዜ ገመዱን የሚይዝላት እሱ ነው።

"ደህና አደርሽ ዋጋዬ? ሰላም ነው?" አለ ቆም ብሎ።

አንድ ቃል ይበቃው ነበር።

"ሰላም ነው። ሂድ፣ ገበያው እንዳያልፍህ።"

ከበሩ ዘወር ብላ ለልጇ መንገድ ለቀቀችለት። እንግዳው ገጀራውን በጆንያ ጠቅልሎ፣ አጠገቧን ታክኮ አልፎ መንገዱን ተሻገረ። ፈሪዳ ሱቋ በር ላይ በሁለት እጇ ስትቀበለው ዋጋዬ አየች። ከእሷ እጅ እስከ ልጇ እጅ እኮ ከዚያ ይቀርብ ነበር።

ባዶ እጁን ተመለሰ። "እማየ፣ ጫማሽን አድርጊና እንሂድ።"

ጫማዋ እግሯ ሥር ነበር። እሷ ግን አጎንብሳ ስትፈልግ ቆየች፤ ፊቷን እንዳያይባት።