ከአጋሮ ሆኜ ያጠፋሁት ድምፅ

የሐጂ ልጅ ስትደውልልኝ አጋሮ አጠገብ ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ፣ ከግቢው ጥበቃ በተዋስኩት ዱካ ላይ ተቀምጬ ከአዲሱ ላፕቶፔ ጋር እየተጣላሁ ነበር። አዲስ ስል ለእኔ አዲስ ማለቴ ነው። አሮጌው ዝናብ ገብቶበት ግማሹ ቁልፍ አልጫን ስላለ፣ ጅማ ገበያ ውስጥ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ሻጩ ከአውሮፓ የመጣ ዕቃ ነው አለኝ። አልዋሸም። ፊደሎቹ የተደረደሩት ፈረንሳዮች በለመዱት መንገድ መሆኑን ግን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሰው በመጠየቅ ይህን ያህል ዘመን እንጀራ የበላሁ ጋዜጠኛ፣ ኪቦርዱን ሳላይ ላፕቶፕ ገዛሁ።

ኤ በነበረችበት ኪው ተቀምጣለች። ኤም ከድሮ ቦታዋ ተነሥታ አንድ መስመር ወደ ላይ፣ ዳር ወጥታለች። ቁጥር ለመጻፍ ሌላ ቁልፍ አብሮ መያዝ ያስፈልጋል። አማርኛዬንም የምጽፈው በእነዚሁ ቁልፎች ስለሆነ፣ «ጅማ» ባልኩ ቁጥር «ማ» ቀርታ ነጠላ ሰረዝ ትገባለች። የምኖርበትን ከተማ ስም ሳልሳሳት መጻፍ የቻልኩት በሦስተኛው ቀን ነው።

የምኖረው ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ የሚባል ሰፈር፣ ሐጂ ግቢ ውስጥ ነው። ሐጂ አከራዬ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን እንጨት ሲጠርቡ የኖሩ ሰው። በር፣ አልጋ፣ ባለ ሦስት እግር ዱካ ይሠራሉ። ስለ ሙያቸው ለመጻፍ ፈልጌ ለወራት ድምፃቸውን ስቀዳ ቆይቻለሁ። ቀረጻው ሁሉ ክፍሌ ባለው ዴስክቶፕ ላይ ነው። ዴስክቶፑን ከቫይረስ አጽድታ ሊኑክስ የጫነችበት፣ ሩቅ ሆኜም ልገባበት የምችልበትን መንገድ ያበጀችልኝ ልጃቸው ናት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ተምራ እዚያው የኮምፒውተር ሥራ ይዛለች።

በደወለችልኝ ቀን ልጅቱ ልትታጭ ነበር። አብሯት የተማረው፣ ጅማ አጠገብ ያለችው የሰቃ ልጅ፣ ሽማግሌ ልኳል። ሽማግሌዎቹን የሚመራው የልጁ አጎት ነው፤ አጎትየው ደግሞ የእንጨት ነጋዴ ነው፤ እሱን በተመለከተ ሐጂ በቀረጻው ላይ ብዙ ነገር ብለዋል።

ከሳምንት በፊት ሐጂ የሚመጣው ሰው ማን እንደሆነ ሲሰሙ ክፍሌ ድረስ መጥተው፣ ስለዚያ ሰውዬ ያልኩትን አጥፋው ብለውኝ ነበር። እኔም በሙያዬ የተቀዳ ነገር እንደማይጠፋ፣ አለማሳተም እንጂ ማጥፋት ተገቢ እንዳልሆነ ረጋ ብዬ አስረዳኋቸው። ቆመው አዳመጡኝ። ሲወጡ፣ እንግዲያው በሩን ቆልፈህ ውጣ አሉኝ። በመታጨቱ ዕለት ጠዋትም ቆልፌ ወጣሁ። ቁልፉ ኪሴ ነበር።

«ጋሼ» አለች ልጅቱ በስልክ፣ በሹክሹክታ። «አባባ ክፍልዎ ውስጥ እያወሩ ነው።»

አባትሽ ራሳቸው የት ናቸው ብዬ ጠየቅኳት።

«ሳሎን ናቸው። እሳቸውም እያዳመጡ ነው።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ጠዋት ጣቶቼን ለማለማመድ ብዬ፣ የሐጂን ድምፅ ከዴስክቶፑ በገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ እያዳመጥኩ በአዲሱ ላፕቶፕ ስገለብጥ ነበር። ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ ስሮጥ ማዳመጫውን አንገቴ ላይ እንዳለ ይዤው ወጣሁ፤ ቀረጻውን አላቆምኩም። ማዳመጫው ሲርቅበት ዴስክቶፑ ድምፁን ወደ ስፒከሩ መለሰው። ከጠዋት ጀምሮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ እንደገና ከመጀመሪያ፣ ሲያወራ ውሏል። ቤቱ በእንግዳ ዝግጅት ሲንጫጫ የሰማ የለም። ከአስር ሰላት፣ ከከሰዓቱ ጸሎት በኋላ ሁሉም ተስተካክሎ እንግዳ ሲጠበቅ፣ ሳሎኑን ከእኔ ክፍል ከሚለየው የሳንቃ ግድግዳ ጀርባ ሐጂ ስለ ሐጂ ማውራት ጀመሩ።

የት እንደደረሱ ጠየቅኳት። አባታቸው መጥረቢያ ያስጨበጧቸው ጊዜ ላይ ናቸው አለች። ቀረጻውን አውቀዋለሁ። የሰቃው ሰውዬ የሚመጣው ከዚያ በኋላ በሃያኛው ደቂቃ ገደማ ነው። እውነተኛው የሰቃ ሰውዬም ከተማ ገብቻለሁ ብሎ ደውሏል።

በሩን ስበሩት አልኩ። ሐጂ ከጀርባዋ የመለሱት እስከ አጋሮ ተሰማ፦ «በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። አይሰበርም።» መስኮቱም ባለ ብረት ነው። ስለዚህ የቀረው አንድ መንገድ ነበር፤ ከተቀመጥኩበት ሆኜ ዴስክቶፑን ማጥፋት።

ላፕቶፑን በስልኬ ኢንተርኔት አገናኝቼ ዴስክቶፑን አገኘሁት። ደስ ብሎኝ ትእዛዙን መጻፍ ስጀምር ግንኙነቱ ተቋረጠ። ሐጂ ማንንም ሳያማክሩ ወጥተው ቆጣሪው ላይ መብራት አጥፍተው ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን የጅማን መብራት ስለማውቅ ዴስክቶፑንም ስፒከሩንም ባለ ባትሪው ዩፒኤስ ላይ ሰክቻቸዋለሁ፤ አርባ ደቂቃ ይይዛል፤ ለክቼዋለሁ። የጠፋው ሳሎን ያለው ዋይፋይ ብቻ ነው፤ ማለትም የእኔ መግቢያ። አሁን ሐጂ ማውራታቸውን ቀጥለዋል፤ ዩፒኤሱ ደግሞ በየመሀሉ ጢጥ ይልላቸዋል።

«አባባ፣ ማሎ፣ መልሱት» እያለች ስትለምናቸው ሰማኋት።

መለሱት። ዋይፋዩ እስኪነሣ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። በእነዚያ ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ እንግዶቹ ገቡ። ሰላምታው፣ የጫማው ድምፅ፣ ጤና መጠያየቁ ሁሉ በስልኩ ይሰማኛል። ከሁሉም ኋላ ደግሞ የሐጂ ሌላኛው ድምፅ ስለ መጋዝ ጥርስ አሳሳል ያብራራል። ሐጂ ለእንግዶቹ ተከራዬ ጋዜጠኛ ነው፣ ሬዲዮ ከፍቶ ሄዶ ነው አሉ። አንደኛው ሽማግሌ ሬዲዮው የእርስዎን ድምፅ ይመስላል ማለቱን ልጅቱ ነገረችኝ። እሷ በወጉ መሠረት ከጓዳ መውጣት አትችልም፤ ስለ እሷ ሲነጋገሩ እሷ አትታይም። ያላት መሣሪያ ስልኩ ብቻ ነበር።

ተመልሼ ገባሁ። የማጥፊያውን ትእዛዝ እያንዳንዱን ፊደል ፈልጌ ጻፍኩ። ዴስክቶፑ ፓስወርድ ጠየቀኝ። ሊኑክስ ፓስወርድ ሲጠይቅ የጻፉትን አያሳይም፤ ኮከብ እንኳ አያስቀምጥም፤ ዝም ብሎ ያያል። ጻፍኩ። ስህተት ነው አለኝ። ደገምኩ። ስህተት።

«በሦስተኛው ያባርርዎታል፤ እንደ አዲስ ነው የሚጀምሩት» አለች። «ፓስወርዱን ቀስ ብለው ይንገሩኝ፣ የትኛው ፊደል የት እንዳለ እነግርዎታለሁ።»

እውነቱን ነገርኳት፤ አላውቀውም። ለዓመታት ጣቶቼ እንጂ እኔ ጽፌው አላውቅም። ጣቶቼ መንገዱን ያውቁታል፤ መንገዱ ግን ፈረንሳይ ሄዷል።

የሳቀች መሰለኝ፤ ምናልባትም ያለቀሰች ይሆናል፤ አላረጋገጥኩም። ከዚያ የላፕቶፑን የፊደል አቀማመጥ ከቅንብሩ ውስጥ ወደ ድሮው እንድመልስ አንድ በአንድ መራችኝ። መለስኩት። አሁን ቁልፎቹ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ የሚወጣው ሌላ ሆነ።

«ጋሼ፣ አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

ያላየሁትን አልጽፍም ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጨፈንኩ። በስልኩ ውስጥ የተቀዱት ሐጂ ዋንዛ እንዴት እንደሚደርቅ ተናግረው ጨርሰው ትንፋሽ ሲወስዱ ሰማሁ። ያቺን ትንፋሽ አውቃታለሁ።

«ያ የሰቃ ሰውዬ ደረቅ ነው ብሎ እርጥብ ዋንዛ ሰጠኝ» አሉ። «የሠራሁት የሙሽራ አልጋ በሠርጉ ሳምንት ለሁለት ተሰነጠቀ። ከተማው ሁሉ ሳቀብኝ። ሰውየው ግን...»

ጣቶቼ ጨርሰው ነበር። ተጫንኩ።

ላፕቶፑ ግንኙነቱ ተዘግቷል አለኝ። ይህ ማስረጃ አይደለም። ከሩቅ ሲያዩት የጠፋ ኮምፒውተርና ኔትወርክ የራቀው ኮምፒውተር አንድ ናቸው። ሁለተኛ ምንጭ ያስፈልጋል። ልጅቱን ጠየቅኳት።

«ዝም ብሏል» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ሁሉም ዝም ብሏል» አለች።

ያደረግኩት የገባኝ ያኔ ነው። ከ«ሰውየው ግን» ቀጥሎ ያለውን አውቀዋለሁ፤ ጠዋት የገለበጥኩት እሱን ነው። መስማት የነበረባቸውም እሱን ነበር። ስድቡን አሰምቼ መልካሙን ቆረጥኩት። ዴስክቶፑን ከሩቅ ማጥፋት ይቻላል፤ ከሩቅ ማስነሣቱን ግን አላዘጋጀነውም። አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ መጫን አለበት፤ በሩ ደግሞ የሐጂ በር ነው።

አጎትየው ቀስ ብሎ «ግን ምን?» ሲል ተሰማኝ።

ሐጂ ሊመልሱ ጀመሩ። መልካም ሰው ነህ፣ ምናምን። ሰውየው አቋረጣቸው።

«አሁን ፊቴ ተቀምጠህ የምትለውን አይደለም። እዚያ ውስጥ ያልከውን ነው የጠየቅኩህ።»

ልጅቱ ያን ጊዜ ወግ ጣሰች። ከጓዳ ወጥታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ስልኩን ምንጣፉ ላይ በሽማግሌዎቹ መሀል አስቀምጣ ተመለሰች። ሐጂ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው ጋዜጠኛው አሉ፤ የቀረውን ንገራቸው፣ ታስታውሰዋለህ?

ማስታወስ አላስፈለገኝም፤ ላፕቶፑ ላይ ተጽፏል። ችግሩ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ። ከእነሱ በፊት ባቆም ልጅቱ ትታጫለች፤ ማንም አያውቅም፤ ቤቱ ሙሉ ደስ ይለዋል። ሰውየው ግን የጠየቀው ያማረውን አይደለም፤ የተባለውን ነው። ልጅቱ ጓዳ ሆና ምን እንደምትለኝ ብጠይቅ በወደድኩ፤ ስልኳ ግን ምንጣፍ ላይ ነው።

አነበብኩ።

«ሰውየው ግን በሚቀጥለው ክረምት ራሱ መጣ። ዓመት ሙሉ ያደረቀውን ግንድ አስጭኖ መጥቶ፣ በሰው ፊት ጥፋቱ የእኔ ነው አለኝ። ጥፋቴን ልንገር ብሎ ከሰቃ ድረስ የመጣ ሌላ ነጋዴ በዕድሜዬ አላየሁም።» እዚህ ላይ ተነፈስኩ። «እንጨት ግን አሁንም አያውቅም። ዋንዛና ባሕር ዛፍ ጎን ለጎን ብታቆምለት፣ በቅጠላቸው ካልሆነ አይለያቸውም።»

ኔትወርኩ እንዳለ አየሁ፤ አለ።

«ዋላሂ» አለ ሰውየው በመጨረሻ፣ «የኋላዋን ባትጨምራት ኖሮ የፊቷን አላምንህም ነበር። ይሄ የእሱ አፍ ነው።» ከዚያ ወደ ሐጂ ዞሮ መሆን አለበት፣ ድምፁ ራቅ አለ። «በቅጠላቸው?»

«በቅጠላቸውም እጠራጠራለሁ» አሉ ሐጂ።

ሳቁ ምንጣፉ ላይ ስልኩን እስኪያንቀጠቅጠው ድረስ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር በአፋን ኦሮሞ፣ በፍጥነት፣ ሁሉም በአንድ ላይ ሆነ፤ የገባኝ የቀን ስም ሲጠሩና በእሺታ ኤዬ፣ ኤዬ ሲባባሉ ብቻ ነው። ስልኩን የሚያነሣው ጠፋ። እኔም ዘግቼ ነገሩን ሳልጨርስ መሄድ አልወድም። የቃል ማሰሪያው ፋቲሃ ሲጀመር ከዱካው ተነሥቼ፣ ላፕቶፑን መሬት ላይ አስቀምጬ፣ እንደ እነሱ እጆቼን ዘርግቼ ቆምኩ። ከእያንዳንዱ ዱዓ በኋላ እነሱ ጅማ፣ እኔ አጋሮ፣ አሚን አልን።

ጥበቃው ቡና የተሰጣባቸውን አልጋዎች ዞሮ ሲመለስ እንዲህ ሆኜ አገኘኝ። ዱላውን አስደግፎ፣ ቆቡን አውልቆ፣ አጠገቤ ቆመና እስክጨርስ ጠበቀ።

«ነፍስ ይማር» አለ። «ማን ሞቶብህ ነው?»

«አይ» አልኩት። «ልጅ እየታጨች ነው።»

መሬት ያለውን ላፕቶፕ አየ፣ እኔን አየ፣ ዱካውን አንሥቶ ሄደ።