ለጋሽ መረዋ ቃል የምታቀብለው ሴት

እኔ ቲያትር ቤት ውስጥ የመብራት ሠራተኛ ነኝ። ከአዳራሹ ጣሪያ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ቁጭ ብዬ ንጉሡ ሲገባ አበራለሁ፣ ንጉሡ ሲሞት አጠፋለሁ። ከዚያ ላይ ሆኜ የማትታየኝ አስታዋሿ ብቻ ነበረች። እሷ የምትቀመጠው ከመድረኩ ጫፍ ላይ በተቆፈረች ጉድጓድ ውስጥ፣ ተመልካች እንዳያያት በእንጨት ክዳን ተጋርዳ ነው። ሥራዋ ተዋናይ ቃል ሲጠፋው ከታች ሆና በሹክሹክታ ማቀበል ነው። መድረኩ ላይ በተጨፈረ ቁጥር አቧራው እሷ ላይ ስለሚራገፍ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ጠምጥማ ትገባለች። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠርታለች። ከልማድ ብዛት ቤቷም ሆነ ገበያ የምታወራው በሹክሹክታ ስለሆነ፣ ብታማርርም የሚሰማት አልነበረም።

ባሏ ገና በጠዋቱ ጥሏት ሄዷል። አንድ ልጇን ከዳቦ ቤት ኋላ ባለች ክፍል አሳድጋ ብየዳ አስተማረችው። ገና እጁ ከሥራው ጋር ሲላመድ ጦርነቱ መጣና ተጠርቶ ሄደ። በየሁለት ሳምንቱ ደብዳቤ ይልክላት ነበር። ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲሆን ግን ደብዳቤው ከቀረ አራት ወሩ ነው። የሠላሳ ቲያትር ጽሑፍ በቃሏ የምታውቅ ሴት፣ የልጇን የመጨረሻ ደብዳቤ ግን አይታው እንደማታውቅ ሁሉ በየቀኑ እያወጣች ታነባለች።

ጋሽ መረዋ የምንለው ደግሞ የቤቱ ዋና ኮሜዲያን ነው። መረዋ ያሰኘው ድምፁ ነው፤ ሲናገር የኋላ ወንበር ላይ የተኛ ሰው ይነቃል። ማስታወስ ላይ ግን አምላክ ጨክኖበታል። በዕድሜው አንድ ገጽ በቃሉ ይዞ አያውቅም፤ እሷ ታቀብላለች፣ እሱ ያስተጋባል። ሰርግ ላይ ንግግር እንዲያደርግ ሲጋበዝ እንኳ ከጀርባው ወንበር ተይዞላት ትቀመጣለች። አንድ ቀን ልምምድ ላይ «አንዴ ይቆዩ ጋሼ፣ አቧራ አነቀኝ» ብትለው፣ ደረቱን ይዞ «አንዴ ይቆዩ ጋሼ፣ አቧራ አነቀኝ!» ብሎ አዳራሹን አናወጠው። ደራሲው ነገሩን ወደደውና ትርኢቱ ውስጥ አስገባው። ተመልካቹም በየሳምንቱ እዚያ ላይ ሲደርስ በሳቅ ይሞታል።

ይኸው ትርኢት ለሁለት መቶኛ ጊዜ በታየ ሰሞን ጋሽ መረዋ ሬዲዮ ጣቢያ ተጋበዘ። ጥያቄዎቹ ቀደም ብለው በወረቀት ስለተላኩ አስታዋሿ መልሶቹን አዘጋጅታ ከጎኑ ተቀመጠች። እኔም ሥራ ኖሮኝ ሳይሆን ሻይ አለ ስላሉኝ ተከትያቸው ሄጄ ከመስታወቱ ወዲህ ቆሜያለሁ። ጋዜጠኛው የልጅነቱን ነገር ጠይቆ ሲጨርስ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር አመጣ፤ ስለ ጦርነቱ ምን እንደሚል ጠየቀው። ጋሽ መረዋ እንደ ልማዱ ወደ እሷ ዞር አለ። እሷ ግን እዚያ የለችም፤ ጦርነት ሲባል ሐሳቧ ወደ ልጇ ሄዷል። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ማይክራፎኑ ሳይሰማት ለራሷ የተነፈሰችው አንዲት ነገር ናት፤ እሱ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አገር እንዲሰማ ተናገራት።

«ኧረ ልጆቹ በደህና ወደየቤታቸው ይመለሱ!»

ከሰዓት በኋላ አገር ምድሩ ተንጫጫ። ሰው ሦስት ቦታ ተከፈለ። የመጀመሪያዎቹ፣ የትኞቹ ልጆች ናቸው አሉ። የእኛዎቹ ብቻ ናቸው ወይስ የእነዚያም? ለይቶ ስላልተናገረ ሁሉንም ማለቱ ነው፣ ሁሉንም ካለ ደግሞ ከሃዲ ነው። ሁለተኞቹ የእኛዎቹን ብቻ ማለቱ ከሆነ የባሰ ነው፣ ሳያሸንፉ ይመለሱ ማለት ነው አሉ። ሦስተኞቹ ይመለሱ ማለቱን ወደዱለት፤ እስከ ዛሬ የት ተኝቶ ነበር ብለው ግን ሰደቡት። ስለዚህ በስድቡ ላይ ሁሉም ተስማማ። ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ሰው በአንድ ነገር ሲስማማ ያየሁት ያን ሳምንት ነው።

የቲያትር ቤቱ ጎረቤት የሆነው ፀጉር አስተካካይ የሰቀለውን የጋሽ መረዋን ፎቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረው። ፎቶው የግድግዳውን ስንጥቅ ይሸፍንለት ስለነበር ማውረዱ አልሆነለትም። አንዲት ሙሽራ ከሰርጓ ፎቶ ላይ በመቀስ ቆርጣ አወጣችው፤ ባሏ ትከሻ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ እጅ ቀረ። የእሱን ፊት ማሸጊያው ላይ ያትም የነበረ ሳሙና ፋብሪካ በዳክዬ ተካው። አብሮት ሃያ ዓመት የሠራ ዘፋኝ እንኳ «እኔ ድሮም አይጥመኝም ነበር» ብሎ መግለጫ ሰጠ፤ መግለጫ የጠየቀው ግን አልነበረም። የቲያትር ቤታችንን ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ ሁለተኛ አልረግጥም እያለ ይምል ጀመር።

እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። «አርቲስትን ፖለቲካ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው? ቀልደኛ ከሆነ አርፎ ይቀልድ» የሚሉት ሰዎች፣ ከወር በፊት የወታደር ልብስ ለብሶ መድረክ ላይ ሲፎክር ከመቀመጫቸው ተነስተው ያጨበጨቡለት ናቸው። ያኔ መብራቱን ቀይ አድርጌ የለቀቅሁት እኔ ስለሆንኩ አውቃቸዋለሁ። ሂዱ ሲል ጥበብ ነበር፣ ተመለሱ ሲል ፖለቲካ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን አስታዋሿ ሻይ ክበቡ ጥግ ወስዳ እውነቱን ነገረችኝና ወጥቼ ልናገር አለችኝ። እኔ ፈሪ ነኝ፣ አልደብቅም፤ ዝም በይ አልኳት። ምክሬን ትታ ጋሽ መረዋ ዘንድ ሄደች፤ ቃሉ የእሷ እንደሆነ ልትመሰክርለት እንደምትፈልግ ነገረችው። ጋሽ መረዋ እንደዚያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። በሦስት ቀን ውስጥ ነገሩን ራሱ ያሰበው መሆኑን ከልቡ አምኗል። ሲያወጣ ሲያወርድ ከርሞ የደረሰበት ሐሳብ መሆኑን፣ መከራውንም ለማንም ማጋራት እንደማይፈልግ ገለጸላት። ስድቡም በሆዱ ሳይጥመው አልቀረም፤ ከእኛ ቤት እሱን ያህል የተሰደበ ተዋናይ አልነበረም።

አዳራሹ ሁለት ሳምንት ባዶውን ሲከርም ሥራ አስኪያጁ ጋሽ መረዋ ይቅርታ ይጠይቅ አለ። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ፣ ከልቡ ይጠይቅ ተባለ። ከልቡ የሚለውን ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ጻፈለት። በቃሉ እንደማይዘው ስለሚታወቅ ወረቀቱ የተሰጠው ለአስታዋሿ ነው። ወደ ክፍሌ ደረጃውን ወጥታ አሳየችኝ። «ልጆቹ ይመለሱ ማለቴ ትልቅ ስህተት ነው። ልጆቹ እንዲመለሱ አልፈልግም» ይላል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ለማጥበቅ የተጨመረ ነው አሉ።

«እንዴት አድርጌ ነው ይህን ባፌ የማወጣው?» አለችኝ።

«የምትዪው እኮ አንቺ አይደለሽም፣ እሱ ነው» አልኳት። ዛሬ ድረስ ይህን ማለቴ ያሳፍረኛል።

እሑድ ዕለት አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሰው ለሳቅ እንደዚያ ተጋፍቶ አያውቅም። ጋሽ መረዋ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ መሐል ላይ ቆመ፣ ነጭ መብራት ለቀቅሁበት፣ ጆሮውን ወደ ጉድጓዱ ዘንበል አደረገ። ምንም የለም። ጉሮሮውን ጠረገና እንደገና ዘንበል አለ። አሁንም ምንም የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቃል አጉድላበት የማታውቅ ሴት ዝም አለችው። ሰው ማጉረምረም ጀመረ፤ የጋሽ መረዋ ላብ በግንባሩ ሲወርድ ከላይ ይታየኛል። ሆዴ ባባ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። መብራቱን አጥፍቼ ልገላግላቸው ብዬ እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት።

ያኔ ክዳኑ ገለል አለና ሻሽ የታሰረበት ራስ ብቅ አለ። እንደ ምንም ድምፅ አወጣች፤ ግን ከመጀመሪያው ረድፍ እንኳ አልደረሰም፣ አልለመደችማ። ብቅ ስትል ያየ ሁሉ ሥራዋን የምትሠራ መሰለው። ጋሽ መረዋ ግን ሰምቷታል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ሌላው ጊዜ ሳይጮህ፣ ዝግ ብሎ ተናገረ።

«ልጄ እዚያ ነው። ከጻፈልኝ አራት ወሩ። ይመለስልኝ።»

አውቆ ይሁን በልማድ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የኋላ ወንበር ድረስ ተሰምቷል። አንዲት ሴት ስትንሰቀሰቅ ሰማሁ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ሊያጨበጭብ እጁን አንስቶ፣ ግራ ቀኙን አየና ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሰዉ እየተነሳ ዝም ብሎ ወጣ። እስከ ማግስቱ ድረስ ጋሽ መረዋን የሰደበ አልነበረም።

በማግስቱ ጋዜጣው ጉዱን አወጣው። ጋሽ መረዋ ልጅ የለውም፤ አግብቶም አያውቅም። ያኔ ሁሉም እፎይ አለ፣ እንደገና መሳደብ ተቻለ። ከሁሉ የባሱት አዳራሽ ውስጥ ያለቀሱት ነበሩ፤ በሌለ ልጅ እንባችንን ዘረፈን ብለው በየስልኩ ጻፉ። ፀጉር አስተካካዩ ስንጥቁን ራሱ ለስኖ ፎቶውን ከነፍሬሙ ጣለው። ታዲያ የማን ልጅ ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልሰማሁም።

ረቡዕ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን በሙሉ ልምምድ ክፍል ሰብስቦ የጋሽ መረዋን መሰናበት የምንደግፍበት ወረቀት አዞረ። «ተዋናዩ ግንባር ላይ አለ ያለው ልጅ የለም፤ ይህንንም በፊርማችን እናረጋግጣለን» ይላል። እየተቀባበልን ፈረምን። የእኔ ስም ስድስተኛው ላይ አለ፤ እያወቅሁ ነው የፈረምኩት። ወረቀቱ እሷ ጋ ሲደርስ ሁለት ጊዜ አነበበችውና እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ምኑ ነው ያልተመቸሽ፣ እትዬ?» አላት ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ።

«የለም የሚለው» አለችው። ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ ሰማናት። «ልጁ አለ። የኔ ነው።»