አባቴ ሳይከራከር እሺ ያለ ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ሐያትን ይዤ ብርድ ልብስ ልገዛላት መርካቶ ሄጄ ነበር። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፤ የደረሳትም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ዶርም ትግባ ወይስ ከቤት እየተመላለሰች ትማር የሚለው ገና አልተቆረጠም። እሷ ግን ነገሩ ሳይቆረጥ ብርድ ልብሱን ልታስገዛኝ ቸኩላለች። ይህን ያደረገችው በዘዴ ነው ብዬ ጠርጥሬያለሁ።

ዱባይ ተራ አንድ ሱቅ ገባን። ባለሱቁ ዋጋ ጠራ፤ ሐያት ግማሹን ሰጠችው፤ ሳቀባት። «እሺ ይቅር» ብላ ወጣች። ያስገረመኝ አወጣጧ ነው። ቀስ ብላ፣ የጎረቤቱን ሱቅ ጫማ የምታይ መስላ፣ ጆሮዋን ግን ወደ ኋላ ጥላ ተራመደች። ትንሽ እንደሄደች ሰውየው «ነይ እሺ! ነይ ውሰጂ!» ብሎ ጮኸ። ኮንዶሚኒየም ተወልዳ ያደገች ልጅ ይህን ከየት ተማረችው? እሷ ብርድ ልብሷን ታቅፋ ስትስቅ እኔ አብሬያት አልሳቅኩም። እንዲህ ያለ አካሄድ እኔም አንድ ጊዜ፣ እዚያው ሰፈር፣ ሄጃለሁና።

ማትሪክ ያለፍኩት መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ቤታችን አማኑኤል ነበር። አባቴ ጋሽ ሸረፋ ዱባይ ተራ ብርድ ልብስና አንሶላ ይሸጣል። እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ ከሱቁ ነው የምውለው፤ ዕቃ አጥፋለሁ፣ እጁ የሚፈጥን ሰው ሲገባ ዓይኔን አልነቅልም። እዚያ ያደገ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር መጠርጠር ይማራል። አባቴ «ዕቃ የሚያጣጥል ሰው ሊገዛ ነው፤ የሚያመሰግን ግን መንገደኛ ነው» ይለኝ ነበር። «በመጀመሪያው ጥሪ እሺ ያለህ ገዥ ካጋጠመህ ደግሞ ብሩን ወደ ብርሃን አንሥተህ እየው» ይላል። የምክሩ ሁሉ መዝጊያ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ነው።

በዚያ ዘመን የከተማው ልጅ ዶርም መያዝም ከቤት መመላለስም ይችል ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔ ዶርም አልፈለግኩም። የእናቴን ወጥ ትቼ የት እሄዳለሁ? የፈለግኩት ከቅዳሜ በቀር ከሱቅ ሥራ ነፃ እንድሆንና በማድርበት ቆጥ ላይ ማጥኛ ቦታ እንዲኖረኝ ነው። ግን ይህን በቀጥታ መጠየቅ ሞኝነት መሰለኝ። ማንም የመርካቶ ልጅ የልቡን ዋጋ መጀመሪያ አይጠራም። ዶርም እገባለሁ ልለው፣ አባቴ ሊጮህ፣ እኔ ላኮርፍ፣ ከዚያ ወርጄ ወርጄ የልቤ ላይ ልንገናኝ ነበር ሐሳቤ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ፉላችንን በልተን ሻይ እየጠጣን ጀመርኩት።

«አባ፣ ዶርም ልገባ ነው።»

ብርድ ልብስ አንሥቶ ማጠፍ ጀመረ። ቀና እንኳ አላለም።

«እሺ» አለ።

የሰማሁ አልመሰለኝም። «ቅዳሜና እሑድም እዚያው ነኝ» አልኩ ዋጋውን ጨምሬ።

«ጥሩ ነው። ለጥናትህ ይሻልሃል።»

ይህ ሰው በአንድ ኪሎ ድንች እስኪመሽ የሚከራከር ሰው ነው። ልጁን ግን በመጀመሪያው ጥሪ ለቀቀው። አልፈልግም፣ ቀልዴን ነው እንዳልል ደግሞ ዋጋ ጠርቶ የሚያፈገፍግ ሰው በእኛ ዘንድ የተናቀ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕረፍት አጣሁ። ከጎናችን ጫማ የሚሸጡት የጎጃሟ እትዬ ብርቄ ነገሩን ሲሰሙ ዓይናቸውን አጠበቡ። «ጋሽ ሸረፋ ልጁን ዝም ብሎ ለቀቀ? እንጃ ልጄ፣ ነገር አለ» አሉኝ። እኔም እሱን እያልኩ ነበር። የአጎቴ ልጅ ከገጠር ይመጣል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ገበያ ሲጠራ አፉ ማር ነው ይሉታል። በእኔ ቦታ ሊተካው ይሆን? ወይስ ቆጡን ሊያከራየው? በዚያው ሳምንት ቤት ስገባ አንድ አናጢ ሜትሩን ይዞ ከቆጡ ሲወርድ አገኘሁት። አባቴ ከታች ቆሞ ያወራው ነበር፤ ሲያዩኝ ሁለቱም ዝም አሉ።

«ጣራው ያፈስ እንደሆነ እያየልኝ ነው» አለ አባቴ።

ክረምቱን ሙሉ አንድ ጠብታ ያላፈሰ ጣራ መስከረም ሲጠባ ምን አገኘው? እናቴን ብጠይቃት «እኔ ምን አውቄ» አለችኝ፤ እናቴ ደግሞ የማታውቀው ነገር አልነበረም።

የዶርም ምርጫው ዕለት አባቴ ኮቱን ለብሶ አብሮኝ መጣ። ከአብነት በሚኒባስ ተሳፍረን ሄድን። ዶርም የሚያድለው ፕሮክተር የሰለቸው ሰው ነበር። «አሮጌው እዚህ በር ላይ ነው፣ አዲሱ ከኋላ ነው፤ ቀድማችሁ መጥታችኋል፣ የወደዳችሁትን ያዙ» አለን። አዲሱ ሕንፃ ጸጥ ያለ ነው፤ ውሃ ግን ከታች ነው የሚቀዳው። አሮጌው ለወጥ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ኮሪደሩ ሁሉ ጎመን ጎመን ይሸታል። አባቴ ክር ተመዝዞበታል ብሎ አንሶላ የሚመልስ ሰው ነው፤ ያን ዕለት ግን ሁሉን አመሰገነ። አልጋውን ሲነካው ሲጢጥ አለ፤ «ግሩም አልጋ ነው» አለ። የመስኮቱ መስታወት ተሰብሮ በካርቶን ተደፍኗል፤ «ብርሃን አለው» አለ። የጎመኑን ሽታ ስቦ «ምግቡም ደህና ነው መሰል» ሲል ፊቴን አዞርኩበት። ይህን ያህል ሊገላገለኝ ቸኩሏል አልኩ በልቤ።

አሮጌውን መረጥኩ። ለምን ብሎ ፕሮክተሩ ሲጠይቀኝ ውሃ ቅርብ ነው አልኩት። እውነቱ ግን ወደ መርካቶ የሚሄደው ታክሲ ከበሩ ፊት ለፊት መቆሙ ነው።

የምሄድ ቀን ለመሰናበት ሱቅ ሄድኩ። አባቴ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ለደንበኛ እንኳ የማያወርደውን ወፍራም ብርድ ልብስ አውርዶ ሰጠኝ። እፊቱ ገልብጬ ነውር ፈለግሁበት። ነውር የለውም፤ ይህ ይበልጥ አስጠረጠረኝ። «በል ሰላም ግባ» አለኝ። ሻንጣዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ቀስ ብዬ ነበር የምራመደው። ጭቃውን የምሸሽ መስዬ፣ የሰው ሱቅ ጫማ እያየሁ፣ ጆሮዬን ወደ ኋላ ጥዬ። ተሸካሚዎች «ዞር በል!» እያሉ ይገፉኛል። «ና!» ቢለኝ ሻንጣዬን ጥዬ እሮጥ ነበር። አላለኝም። ጥጉ ጋ ደረስኩ፤ አልዞርኩም፤ አለፍኩ።

ለመጀመሪያው ዕረፍት ቤት ስመለስ ቆጡ ላይ አዲስ ጠረጴዛ ቆሟል፤ ከላዩ እስከ ጣራው ብርድ ልብስ ተቆልሎበታል። ይኸው፣ መኝታዬን መጋዘን አደረገው አልኩ። አልጠየቅሁም፤ የሚያውቀውን ነገር ማን ይጠይቃል? ዓመቶቹን ሁሉ ዶርም ጨረስኩ፤ ሥራም ሐዋሳ አገኘሁና ሄድኩ፤ ወደ አዲስ አበባ ስመለስም የራሴን ቤት ይዤ ነው። እዚያ ቆጥ ላይ ከእንግድነት በቀር ዳግመኛ አላደርኩም።

ብዙ ዘመን አልፎ፣ አባቴ እግሩ ከድቶት ቤት ከዋለ በኋላ፣ ለአረፋ መጥቼ ከአልጋው ጎን ተቀመጥኩ። ነገሩ እንደ ቀልድ ከአፌ ወጣ።

«አባ፣ ያን ጊዜ ዶርም ስልህ ለምን ቶሎ እሺ አልከኝ?»

ትክ ብሎ አየኝ። «ዶርም ፈልገህ ነበር እንዴ?»

«አልፈለግኩም።»

«አውቄያለሁ እኮ! ያላሰብከውን ዋጋ ስትጠራ ድምፅህ ይቀጥናል። እሺ ስለው ደንግጦ ይመለሳል፣ ሲመለስ ጠረጴዛውን አሳየዋለሁ ብዬ ነበር።»

«የቱን ጠረጴዛ?»

«ቆጡ ላይ ያሠራሁልህን ነዋ። አናጢው ሲለካ አልደረስክብንም? እናትህን ምላሷን አስሬ...»

«ታዲያ ስወጣ ለምን አልጠራኸኝም?»

«ይዞራል ብዬ ነዋ። ወላሂ፣ ከሱቁ ደጃፍ ቆሜ ነበር የማይህ። ጥጉ ጋ ሲደርስ ይዞራል አልኩ። አንተስ ለምን አልዞርክም?»

«ስትጠራኝ ልዞር ነበር።»

ሳቀ፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። «አየህ፣» አለኝ፣ «እኔም አልሸጥኩ፣ አንተም አልገዛህ።»

ያን አሮጌ ዶርም ሲያመሰግን ለምን እንዳልገባኝ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የሚያመሰግን መንገደኛ ነው ብሎ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። የአልጋውን ሲጢጢታ ግሩም ሲል፣ ይህን ዕቃ አልገዛም እያለኝ ነበር። በሌላው ሁሉ ሰው ላይ የማይስተኝን ምልክት በአባቴ ላይ ሳትኩት። እሱን ከቀበርነው ቆየን። ጠረጴዛው እኔ ቤት ነው ያለው፤ ሐያት ያጠናችው እሱ ላይ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ከሱቁ ወጥተን ወደ ታክሲው ስናመራ፣ ልጄ ብርድ ልብሷን እንዳቀፈች፣ የሰው ሱቅ እያየች፣ «አባ፣ ዶርም ብገባ ይሻለኛል መሰለኝ» አለች። ድምፅዋ ቀጠነብኝ። «እሺ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«እኔ እንድትሄጂ አልፈልግም» አልኳት። «ልብሽ ከፈለገ ትሄጃለሽ፤ አልከለክልሽም። ግን ቤቱ ያላንቺ ይጨንቀኛል።»

ቆማ፣ ዓይኗን አጥብባ፣ አያቷ ብር ወደ ብርሃን አንሥቶ እንደሚያይ አየችኝ።

«አባ፣ ምን ፈልገህ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም?» አለች። አላመነችኝም። ብርድ ልብሷን አስተካክላ ታቀፈችና ቀድማኝ ሄደች፤ ቀስ ብላ፣ የጫማ ሱቆቹን እያየች።

ጥጉ ጋ ሳትደርስ ጠራኋት። ወዲያው ዞረች።