መስመሮቹን የጠየቀው ሹፌር

ሃያ ሁለት ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል። ሹፌሮች «ፍሬቻ» ይሉታል፤ ውሻ እንኳ በማያልፍበት ባዶ መንገድ ላይ ሳያበራ አይታጠፍምና። ሳያበራ የታጠፈው ከትዳሩ ብቻ ነው እያሉ ያሙታል፤ እሱም ሐሜቱን አይክድም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ኤች አይ ቪ በደሙ ተገኘ፤ በሚስቱም እንደዚያው። ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ሁለቱም አልጠፋቸውም። ዓመት ሙሉ ጀርባ ተሰጣጥተው ኖሩ። በኋላ መድኃኒታቸውን ከአንድ መደርደሪያ እያነሱ በአንድ ሰዓት መዋጥ ጀመሩ፤ እርቁም በዚያው ሆነ።

ወገቡ አልታዘዝ ብሎት መሪውን በተወ በዓመቱ፣ ክትትል ወደሚያደርግበት ጤና ጣቢያ አንዲት ተመራማሪ መጣች። የሂሳብ ሰው ናት። ሥራዋ ቫይረሱ ከሰው ወደ ሰው የሚሄድበትን መንገድ በኮምፒውተር መሳል ነው፤ ሰው ሁሉ ነጥብ፣ ግንኙነቱ ሁሉ መስመር ይሆናል። መስመሮቹ ሲበዙ መረብ ይወጣቸዋል፤ የት ቦታ ቢመረመርና ቢታከም ሥርጭቱ እንደሚቀንስም እዚያው መረቡ ላይ አስቀድሞ ይሞከራል። ሹፌሮቹ ግን የላከቻቸውን ጠያቂዎች በሳቅ እየሸኙ አስቸገሯት። የጤና ጣቢያው ነርስ ጋሽ ፍሬቻን ካልያዝሽ አንድም እውነት አትሰሚም አለቻት።

ተመራማሪዋም መጠይቁን መጀመሪያ ራሱ እንዲሞላ ሰጠችው። አራተኛው ጥያቄ ባለፈው ዓመት ከስንት ሰው ጋር ግንኙነት እንደነበረው ይጠይቃል። እዚያ ሲደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ልጄ፣ ይሄ ጎደሎ ነው» አላት። «ስንት ብለሽ ብቻ አትለፊ። አንዷ ሳታበቃ ሌላዋ ተጀምራ ነበር ወይ ብለሽም ጠይቂ። እኔ በዕድሜዬ ሦስት ሴት ነው የማውቀው፤ ከእኔ የባሰ ስንት አለ። ግን ሦስቱም በአንድ ወቅት ነበሩ። አንዷ ቤቴ፣ ሁለቱ መንገድ ላይ።»

ተመራማሪዋ ቀና ብላ አየችው። ጥያቄውን አስባበት እንደነበር፣ ማን ይመልስልኛል ብላ እንዳወጣችው ነገረችው።

«እኔ ከጠየቅኩ ይመልሳሉ» አለ ፍሬቻ።

አምስት ወር ሙሉ በየጎሚስታው ደጃፍና በየመኪና ማቆሚያው ዞረ። የራሱን ታሪክ ሳይናገር የማንንም አይጠይቅም። ስም አይጽፍም፤ ቁጥር ብቻ። የመለሱለት ብዙ ናቸው፤ የሰደቡትም አልጠፉም። አብሮት ለዓመታት የነዳ አንድ ባልንጀራው ጭራሽ ቤቴን ልታፈርስ ነው ብሎ ሰላምታ ነሳው። ያን ዕለት አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገባና በቃኝ ልተወው ነው አለ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። እግሯን ከስፌት መኪናዋ ሳታነሳ ሰማችውና፣ «አሥራ አንድ ዓመት ይቅርታ ስትለኝ ኖርክ» አለችው። «ሰምቻለሁ፤ ከዚህ በላይ አልፈልግም። አሁን ሂድና የሌላዋን ሚስት አትርፍልኝ።»

በማግስቱ በጠዋት ወጣ።

ሦስት መቶ አሥራ አራት መልስ ተሰበሰበ። ተመራማሪዋ መረቡን በስክሪኑ ላይ አሳየችው። በአንድ ወቅት የተደራረቡትን መስመሮች ስታወጣቸው መረቡ ተበጣጥሶ ትንንሽ ቁራጭ ሆነ፤ ስትመልሳቸው ዳር እስከ ዳር ተያያዘ። በጣም የሚጠላለፈው ደግሞ ሁሉም እንደገመተው ትልቁ ከተማ ላይ ሳይሆን መኪኖች ለመመዘን ሁለት ሦስት ቀን በሚሰለፉበት ግቢ ዙሪያ ነበር። ምርመራና መድኃኒት እዚያ ቢገባ ሥርጭቱ በግማሽ እንደሚወርድ ሞዴሏ አሳየ። ፍሬቻ የእኔ ነጥብ የቱ ነው ብሎ ጠየቃት።

«አላውቀውም ጋሼ። ስም አልጻፍንማ።»

«ይሻላል» አለና ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ።

ፍሬቻ እዚያው የመመርመሪያ ክፍል እንዲሰጥ የሚጠይቅ ወረቀት ይዞ ሲሄድ፣ የግቢው ኃላፊ ሹፌሮቼን ታሰድባቸዋለህ ብሎ ሦስት ጊዜ መለሰው። በአራተኛው ፍሬቻ ወረቀቱን ትቶ ሰባት ሹፌሮች ይዞ ገባ። ሰባቱም እዚሁ መመርመር እንፈልጋለን አሉ። ኃላፊው ፊቱን አጨፍግጎ የመለዋወጫ መጋዘኑን ቁልፍ ወረወረላቸው። ፍሬቻና ነርሷ አሮጌ ጎማ ሲያወጡ፣ ወለል ሲያጥቡ ዋሉ።

የመጀመሪያው ሳምንት ጭር ያለ ነበር። በወሩ መጨረሻ ግን ስድሳ አንድ ሰው ተመረመረ፤ አምስቱ መድኃኒት ጀመሩ። ከአምስቱ አንዱ ወጣት ሹፌር ለሚስቱ እንዴት እንደሚነግራት ጨነቀው። ፍሬቻ አልመከረውም። ሚስትህን አምጣት፣ የኔም ትመጣለች አለው። ሐሙስ ዕለት ሁለቱ ሴቶች መጋዘኑ ውስጥ በር ዘግተው ተቀመጡ፤ ሁለቱ ባሎች ደግሞ ደጅ ላይ ቆመው ጠበቁ።