ሁለተኛው ዛጎሌ

አባይነህ ምንይሉ ዘር ሲቆጥር ያላየ ሰው፣ ኩራት ምን እንደሚመስል አላየም። በትሩን በሁለት ጉልበቱ መካከል ያቆምና ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ ስም ከስም እያያዘ ወደ ላይ ይወጣል። ማን ማንን እንደ ወለደ፣ የማን እናት ከየት እንደ መጣች፣ አንድም ቦታ ሳይደነቃቀፍ ይዘረዝረዋል። በመንዝ፣ በቀየት መንደር ዙሪያ ልጅ የሚያጭም ልጅ የሚድርም መጀመሪያ የሚረግጠው የእሱን ደጅ ነው። በዚህ አገር ሙሽሮቹ ሰባት ቤት ካልተራራቁ ቄሱም አያጋባቸው፣ ሽማግሌውም አይመርቃቸው፤ መራራቃቸውን የሚያውቀው ደግሞ አባይነህ ነው። አይሆንም ካለ አይሆንም። ጌሾ የተወቀጠለት ሠርግ ሳይቀር በእሱ ቃል ቀርቷል። ስንቷ ልጃገረድ በልቧ እንደ ረገመችው እግዜር ይወቅ፤ እሱ ግን እህሉን በልቶ እንቅልፉን ይተኛ ነበር።

እንግሊዞች ይህ ሁሉ ጣጣ የለባቸውም ይባላል። የቤተሰብ ስም አላቸው፤ አያት የለበሰውን ካፖርት የልጅ ልጅ እንደሚለብሰው እየተቀባበሉ ይጠሩበታል። ስሙ ብርቅ ከሆነም ከየትኛው መንደር እንደ ተነሣ፣ የት የት እንደ ተበተነ እየተከታተለ የሚጽፍላቸው ሰው አያጡም። የኛ ስም አያት ላይ ሲደርስ ያበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ሰው የሚኖረው እንደ አባይነህ ባለ ሰው አፍ ውስጥ ብቻ ነው።

በዚህ አፍ ውስጥ ከሚኖሩት ስሞች ሁሉ አባይነህ የሚሳሳለት አንድ ነበር፤ ዛጎሌ። የራሱ ቤት የሚመዘዘው ከዚህ ሰው ነው። ወልደ ጊዮርጊስ በየሸንተረሩ ሞልቷል፤ ዛጎሌ ግን ብርቅ ነው፤ ከዛጎሌ ተወለድኩ የሚልም በሰው ፊት ቀና ብሎ ይቀመጣል። በቅሎ ጭኖ ቆላ የሚወርድ ነጋዴ ነበር፣ ከበቅሎው አንገት የዛጎል ጌጥ አይለይም፣ ስሙም ከዚያ ወጣ፤ ቀየት ላይ የሚወራው ይህ ነው። አባይነህ ጠላ በቀመሰ ቁጥር ይህንኑ ያወራል፤ ሚስቱ ጌታነሽም "በቅሎዋን ያየሃት ትመስላለህ" እያለች ታሾፍበታለች።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ጽናት የምትባል። ከአፈወርቅ ጋር የተዋወቀችው በግ ሲከተብ ነው። አፈወርቅ የመርሐቤቴ ልጅ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ ክትባት ይዞ ወደ ቀየት በመጣ ቁጥር የአባይነህ በጎች ከሌላው በግ ሁሉ ይልቅ ሕክምና የሚያሻቸው ሆኑ። መንደሩ ነገሩ ገብቶታል፤ አባይነህም ገብቶታል፤ ልጁንም ወዶታል። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት የአፈወርቅ አባት አቶ ወሰኔ ሽማግሌ አስከትለው ከመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ መጡ። ልጅቷን ጠየቁ፣ ተፈቀደላቸው፣ ሠርጉም ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተስማሙ።

ዘር መቁጠር ላይ ሲደረስ አቶ ወሰኔ ሳቁ። በመንዝና በመርሐቤቴ መካከል ስንትና ስንት ገደል አለ፣ ምን የሚያዛምደን ነገር ይኖራል፣ ይለፈን አሉ። ቢያልፈው ምን ነበረበት! የሰውን ሁሉ ዘር ሲቆጥር ኖሮ በገዛ ልጁ ሠርግ ዝም ማለት ግን አባይነህን አሳፈረው። በትሩን አቆመ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከጽናት ተነሥቶ ወጣ፤ አባይነህ፣ ምንይሉ፣ ኃይለ ኢየሱስ፣ ጠንክር፣ አንዳርጌ፣ ዛጎሌ። ዓይኑን ሲገልጥ የአቶ ወሰኔ ፊት ተለውጦ አገኘው።

"የእኛም ስድስተኛው ቤት ዛጎሌ ነው" አሉ።

ስሙ ወልደ ጊዮርጊስ ቢሆን ማንም አይደነግጥም፤ የእናንተ ሌላ የኛ ሌላ ተባብለው ያልፉት ነበር። ዛጎሌ ግን ስንት ይኖራል? ሽማግሌዎቹ ያልጨረሱትን ጠላ አስቀምጠው ተነሡ። አቶ ወሰኔ በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ ዛጎሌ የሚባሉ ሁለት ሰዎች እንደ ነበሩ የሚመሰክር ከተገኘ ከፋሲካ በፊት ተመልሰው እንደሚመጡ፣ ካልተገኘ ግን ነገሩ በዚሁ እንዳበቃ ተናገሩ።

በማግስቱ ጌታነሽ የቀረውን ነገረችው። ጽናት ነፍሰ ጡር ናት። አባይነህ የበጎቹ በረት ደፍ ላይ ተቀመጠና ፀሐይዋ እስክትከርር ሳይነሣ ቀረ። አፈወርቅ ለጽናት ደውሎ አዲስ አበባ ሄደን ማዘጋጃ ቤት እንፈራረም ብሏት ነበር፤ አባቱ ይህን ሰምተው፣ ያን ቀን አባት የለኝም በል ስላሉት ግን በስልክ የሚሰማው ድምፁ ከዕለት ወደ ዕለት እያነሰ ሄዷል። ከሥጋ ዘመዳሞች ተወለደ የተባለ ልጅ በዚህ አገር እንዴት እንደሚያድግ ከአባይነህ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሰው ጣቱን እንዲቀስርበት ሲያደርግ የኖረው እሱ ራሱ ነው። የልጅ ልጁን ከዚያ ጣት የሚያስጥለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለተኛ ዛጎሌ ማግኘት አለበት።

መንገዱን በቅሎ በመለመን ጀመረ። ቀየት ላይ ለክፉ ቀን የምትሆን በቅሎ ያላት አርሴማ ናት። አርሴማ ከብዙ ዓመት በፊት አባይነህ ከእጮኛዋ ጋር በአምስተኛ ቤት ትዘመዳላችሁ ብሏት ሠርጓ የቀረ፣ ከዚያም ወዲህ ሳታገባ የቀረች፣ ገበያ ላይ አረቄ የምትሸጥ ሴት ናት። በቅሎዋን አልከለከለችውም። ልጓሙን ስታቀብለው ግን፣ "ለእኔ ጊዜ ስሙን የሚጋራ ሁለተኛ ሰው አልፈለጉልኝም" አለችው። አባይነህ እግሩን እርካቡ ላይ አድርጎ ሄደ።

በዚያ ጾም ያልረገጠው ምድር የለም። ጓሳን አቋርጦ ግሼ ገባ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በየገበያው ዳር ሽማግሌ እየፈለገ ጠየቀ። ሞጃ ውስጥ ስሙን የሰማ የለም። ማማ ምድር ላይ የሚያውቀው ጠፋ። አንድ ቄስ ዛጎሌ የበቅሎ እንጂ የሰው ስም ነው እንዴ ብለው ሳቁበት፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን ይጣላቸው ነበር፣ አሁን ግን አብሯቸው ሊስቅ ሞከረና አቃተው። ግሼ ላይ፣ አንድ ሸንተረር ጀርባ ያሉ ጥቂት ቤቶች ግን ስሙን ያውቁታል።

የሚያወሩት ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። የእነሱ ዛጎሌ ስሙን ያገኘው ከእናቱ ነው። ልጅ እየሞተባት የተቸገረች ሴት ነበረች፤ ይኼኛውን ሞት እንዳያይባት አንገቱ ላይ ዛጎል አሰረችለት፣ በዚያው ተጠራበት። በቅሎም ንግድም በታሪካቸው የለም። አባይነህ ይህን ሲሰማ እንባው መጣ። የስሙ መነሻ ሁለት ከሆነ ሰውየውም ሁለት ነው። ጌታነሽ ጋ ደውሎ፣ በርቺ፣ ለልጅቷም ንገሪያት አላት።

ምነው እዚያው ላይ ትቶት በተመለሰ። እሱ ግን ቆጣሪ ነው፤ ቆጠራ ሳይጨርስ መነሣት አልለመደበትም። የሰውየውን ልጆች ዘርዝሩልኝ አለ። አንዱ መርሐቤቴ ወርዶ ቀረ፣ አንዱ ቀየት ገብቶ አረሰ አሉት። የቀየቱ ስም አንዳርጌ ነው አሉ፤ ሰውየው ያው አንድ ሊሆን ነው። ሴት ልጁ ቆላ ወርዳ እስላም አግብታለች፣ ዛጎሌም ያረፈው እሷ ቤት ነው፣ ዋናውን ነገር የሚያውቁት የእሷ ዘሮች ናቸው ብለው ጨመሩለት። አባይነህ በቅሎዋን አርሴማ ደጅ መልሶ አሰረና ገደሉን በእግሩ ወረደ። ምን እንደሚፈልግ እንኳ ለራሱ መናገር አልቻለም፤ ውሸት የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ያምነው ነበር።

ከገደሉ ሥር ባለችው ከተማ ሐጂ ሙሐመድሰዒድ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ሽማግሌ አሉ፤ የዛጎሌ ሴት ልጅ የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው። አባይነህ ሱቃቸው ደጅ ሲደርስ ጫማው ተቀዷል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ልጃቸው ሀይፋ ጾመኛ መሆኑን ጠይቃ የሚበላ አሰናዳችለት። ሐጂ ሁለቱንም ታሪክ አዳመጡ፤ ሁለቱም እውነት ነው አሉት። እናቱ በሕፃንነቱ ያሰረችለትን ዛጎል ሲጎለምስ ከአንገቱ ፈትቶ ለበቅሎው አንገት አሰረው። ሰውየው ግን አንድ ነው፤ ሌላ ዛጎሌ የሚባል ሰው በዚህ ምድር ተወልዶ አያውቅም።

አባይነህ ጉልበታቸውን ይዞ ለመነ። የልጁን ማርገዝ፣ ለወንድሙ እንኳ ያልተነፈሰውን፣ ለማያውቀው ሰው ተናገረ። ሁለት ነበሩ ይበሉልኝ፣ አንድ ቃል ነው አለ። ሐጂ በዚህ ዕድሜዬ ሐሰት መስክሬ አልሞትም አሉ። ከዚያ ሀይፋን ወደ ውስጥ ላኳት።

"ልጄ፣ ሰውየው አንድ ነው። ልጆቹ ግን ሁሉም ከአብራኩ አልወጡም። አንዳርጌን ከዚህ ገበያ ነው የገዛው።"

በዚያ ዘመን ከሩቅ አገር የተነዱ ልጆች በዚህ ገበያ ይሸጡ ነበር። ዛጎሌ ጨው ሊጭን ወርዶ አንድ ልጅ ጨምሮ ወጣ። እያደር ወደደው፤ ክርስትና አስነሣው፣ በስሙ አስጠራው፣ ከወለዳቸው እኩል መሬት አካፈለው። ይህንን ነገር ደጋ ላይ ያወራ ዘሩ ይጥፋ ብሎም አስገዘተ፤ ግዝቱ ያልያዛቸው ቆላ ያሉት ብቻ ናቸው። ከመርሐቤቴዎቹ ጋር የምትጋሩት አንዲት ጠብታ ደም የለም አሉት ሐጂ፣ እያዘኑ።

መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ልጁ ዳነች፣ ቄሱ የሚከለክልበት ምክንያት የለም። ዳገቱን ሲጀምር ግን ሌላው ትዝ አለው። የተገዛ ሰው ዘር ማለት ደጋ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ስንት ጊዜ፣ ስንት ቤት፣ የሚያጭ ሰው ወደ ጆሮው ጠጋ ሲል፣ አጥንታቸውን ጠይቅ ብሎ በሹክሹክታ አሰናብቷል። በዚህ አገር የሚያፍረው የገዛው ሰው ሳይሆን የተገዛው ልጅ ነው፤ ያውም ከሞተ ከስንት ዘመን በኋላ። ዝም ካለ ጽናትና አፈወርቅ ዘመዳሞች ናቸው፤ ከተናገረ ደግሞ ይህ አለ። በየድንጋዩ ላይ እየተቀመጠ፣ እንደ ሕፃን እያለቀሰ ወጣ።

ለጌታነሽ ሲነግራት የምትተወው መስሎት ነበር። እሷ ግን እጁን ያዘችው፤ "እኔ ያገባሁት አንተን እንጂ ዛጎሌን አይደለም። ተናገር" አለችው። ለጽናትም ነገሯት። ጽናት አባቷን አየችው፣ ለእኔ ብለህ ነው አለችው።

አባይነህ ምስክር ተገኘ ብሎ ስለላከባቸው፣ ከሆሣዕና በፊት ባለው ቅዳሜ አቶ ወሰኔ ሽማግሌዎቻቸውንና አፈወርቅን ይዘው መጡ። የነአባይነህ የንስሐ አባትም ተጠርተው ተቀምጠዋል። አባይነህ ቆሞ ተናገረ።

"ሁለት ዛጎሌ የለም። አንድ ነው፤ የእናንተ ነው። የኛ አባት አንዳርጌ የተገዛ ልጅ ነው፤ ከዛጎሌ አልተወለደም።"

ሐጂ ሙሐመድሰዒድ በስልክ ሆነው ያንኑ መሰከሩ። ስልኩ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ሁሉም አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ። የንስሐ አባታቸው በደም ዝምድና ስለሌለ ቤተ ክርስቲያን የምትከለክለው ነገር የለም አሉ። አባይነህ የአቶ ወሰኔን ፊት እንደ ለማኝ ያይ ነበር። ልጄን ውሰዱልኝ፣ እኔን የፈለጋችሁትን በሉኝ የሚል ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው።

አቶ ወሰኔ ኩታቸውን አስተካክለው ተነሡ።

"ዘመድ ብትሆኑ ይሻል ነበር፣ አቶ አባይነህ" አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተከተሏቸው። አፈወርቅ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ቀረ፤ እጁን ጉልበቶቹ መካከል ደብቋል። ጽናት ከጓዳ ወጥታ ፊቱ ቆመች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። አንተስ ብላ ጠየቀችው። አባቴን ልሸኝና እደውልልሻለሁ አላት። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንደማይደውል አወቀ፤ እሱም አወቀ፤ ወጥቶ ሄደ።

ጌታነሽ ዕቃውን ማንሣት ጀመረች፤ የማንም አፍ ያልነካው ምግብ እንዳለ ነው። ጽናት አባቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ሆዷ ላይ ሰበሰበች።

"አባዬ፣ ልጁ አድጎ ዘርህን ቁጠር ሲሉት ከማን ብዬ ላስጀምረው?"

ያገሩን ሰው ሁሉ ሲቆጥር የኖረው ሰው እጁን ራሷ ላይ አደረገ።

"ከእኔ ጀምሪለት" አላት። ቆይቶም፣ "ከእኔ በላይ ግን አትውጪ" ብሎ ጨመረ።