ፓስወርድ ያስተማርኩበት ቅዳሜ

ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ በፈረንጅ ሀገር፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሀገሬ ሰዎች ኮምፒውተር አስተምር ነበር። በደግነት እንዳይመስላችሁ። አጠገቧ ፍሪድሊ የምትባል ከተማ ባለ ፋብሪካ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ስታዘዝ ስለምውል፣ አንድ ቀን እንኳን እኔም ሰው አዝዤ መዋል አምሮኝ ነው። ያዘዝኩትን ግን የሚሰማኝ አልነበረም። ማውሱን አትጨብጡት ስል ይጨብጡታል፣ አትንኩ ያልኩትን ሁሉ ይነካሉ፣ ስቆጣ ደግሞ «አይዞህ፣ ቀስ በል» ብለው መልሰው እኔን ያባብሉኛል።

ከሁሉም የከፋው ስለ ፓስወርድ ያስተማርኩበት ቅዳሜ ነበር። «ፓስወርድ ለእናት ልጅም አይሰጥም» ስላቸው ሳቁ። አንዱ ታክሲ ነጂ «ምን የምትደብቀው ነገር ቢኖርህ ነው?» ብሎ በሰው ፊት አፋጠጠኝ። ለሻይ ወጥቼ ስመለስ፣ አንዷ በጓደኛዋ ስም ገብታ መልመጃውን ትሠራላታለች። «ደክሟት እኮ ነው» አለችኝ፣ እኔ ጨካኙ እንደሆንኩ ሁሉ። ደሜ ፈላ። ኮምፒውተር ይሉኝታ አያውቅም፣ በስምሽ የተሠራ ጥፋት ያንቺ ጥፋት ነው ብዬ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። እነሱ ጆሮ ዳባ ልበስ። የሀገራችን ሰው የተጠየቀውን ከሚከለክል ጣቱ ቢቆረጥ ይመርጣል።

ከተማሪዎቼ መካከል ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት የወሎ ሴት ነበሩ። እትዬ እላቸው ነበር። ሜፕልዉድ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የሚሠሩት፤ ሽማግሌ ያጥባሉ፣ ያበላሉ፣ ያገላብጣሉ። መጦሪያው ኮምፒውተር ሲያስገባ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ ፓስወርድ ገብቶ ለማን ምን እንዳደረገ እንዲመዘግብ ታዘዘ። የእኔንም ክፍል እንደ ትሬኒንግ ስለሚቆጥሩት ሠራተኞቻቸውን ይልኩልኝ ነበር።

ወር ሳይሞላ የፈራሁት ደረሰ። እትዬ ዕረፍት ወጥተው ቤታቸው ሳሉ፣ አብራቸው የምትሠራና እኔም ዘንድ አብራቸው የምትማር ልጅ ደወለችላቸው። ፓስወርዷ ጠፍቶባት «የእርስዎን ይስጡኝ» አለቻቸው። ሰጧት። ልጅቷም አንድ የአልጋ ቁራኛ ሽማግሌ በየሁለት ሰዓቱ ተገላብጧል ብላ በእትዬ ስም መዘገበች። ማንም አላገላበጠውም፤ ጀርባው ቆስሎ ተገኘ።

እትዬ ያን ቀን ዕረፍት ላይ ስለነበሩ ነገሩ ታወቀና ልጅቷን ወዲያው አባረሯት። የእትዬን ጉዳይ ግን አለቃቸው በሁለት ከፈለችው፤ ፓስወርድ መስጠት ክልክል መሆኑን ተምረው ከሆነ ይባረራሉ፣ ካልተማሩ በማስጠንቀቂያ ይታለፋሉ። እትዬ አልተማርኩም አሉ። ስኳር አለባቸው፣ መርፌያቸውን የሚከፍለው ደግሞ የሥራ ቤታቸው ኢንሹራንስ ነው።

አለቃቸው ደወለችልኝ። እዚያው አስተርጓሚም እንድሆን፣ ስለ ፓስወርድ ያስተማርኩ ቀን የተገኙት ተማሪዎች የፈረሙበትንም ወረቀት ይዤ እንድመጣ ነገረችኝ። አልተማርኩም ማለታቸውን ስሰማ አንጀቴ አረረ። ድምፄን የጨረስኩት ለግድግዳ ነው እንዴ? ወረቀቱን ሳገላብጥ ስማቸው አለ፣ ጎኑ ላይ ፊርማ አለ። ከፋብሪካው አስፈቅጄ ሜፕልዉድ ድረስ ድራይቭ አደረግሁ። እውነቱን ለመናገር፣ የሄድኩት ልክ ላገባቸው ነው።

አለቃቸው ወረቀቱን ፊታቸው አስቀምጣ ጣቷን ፊርማው ላይ አደረገች። እትዬ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአማርኛ፣ ለእኔ ብቻ፣

«አንተ ልጅ፣ ይኼ የእኔ እጅ አይደለም። ያን ቅዳሜ እኔ አፕል ቫሊ ለቅሶ ሄጃለሁ። ያቺ የተባረረችው ልጅ መቅረቴን ስትነግርህ ‹በቃ አንቺ ፈርሚላቸው› ያልካት ራስህ ነህ» አሉኝ።

እንዳሉትም ነበር። የክፍሉ ባለቤቶች የተማሪ ቁጥር ከጎደለ ክፍሉን ለሌላ እንሰጠዋለን እያሉ ስለሚያስፈራሩኝ፣ ለቀረ ሰው ጓደኛው ይፈርምለት ነበር። እስክሪብቶውን የማቀብለው እኔ ነኝ። ያን ቀንም ስለ ፓስወርድ ጮኼ ስጨርስ ወረቀቱን አዙሬ፣ ያልመጡትን ሁሉ አስፈርሜ፣ በንዴት ቤቴ ገብቼ ተኝቻለሁ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እንኳን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

«ምን አሉ?» አለችኝ አለቃቸው።

የተባልኩትን ብቻ ብተረጉም እትዬ ይተርፋሉ። እኔ ደግሞ ክፍሉንም፣ አስተማሪነቱንም አጣለሁ። ፈራሁ። በዚያ ላይ፣ ቢያሳፍርም ልናገረው፣ ንዴቴ ገና አልበረደልኝም ነበር፤ ፓስወርዱን መስጠቱን ሰጥተዋላ፣ እያልኩ በሆዴ እከራከር ነበር። ዓይኔን በጨው ታጥቤ በእንግሊዝኛ መለስኩ፤ «ተምሬ ነበር፣ ግን ረሳሁት ይላሉ።»

እትዬ እንግሊዝኛ መናገር ይከብዳቸዋል እንጂ መስማቱን ይሰማሉ። ስድስት ዓመት ከነዚያ ሽማግሌዎች ጋር የተግባቡት በእሱ ነው። ቀና ብለው ፊቴን አዩኝ። አሁን ይጮሃሉ፣ አሁን ያዋርዱኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጠረጴዛውን አዩና ዝም አሉ። አለቃቸው ወረቀቱን ፋይሏ ውስጥ ከታ የሥራ መታወቂያ ባጃቸውን ተቀበለቻቸው።

ኮሪደሩ ላይ ካፖርታቸውን እየቆለፉ ደረስኩባቸው። «እትዬ» አልኩ። ቁልፋቸውን ቆልፈው ጨረሱና ቀና አሉ።

«የሀገሬን ልጅ ፈረንጅ ፊት ውሸታም አላሰኝም ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አሉኝ። «አሁን መርፌዬን ከየት ላምጣው?»