ወሰናችንን የሚናገር ጎረቤት

ትናንት ልጅህ ከሮቢት ገበያ አንድ እፍኝ የቁርቁራ ፍሬ አምጥታ መዳፌ ላይ አፈሰሰችልኝ። ደረቅ ጣፋጭ ሽታው ሲሸተኝ ከድሮው የድንበር ዛፋችን ሥር የቆምኩ መሰለኝ።

ልጄ፣ አንተ በዚያ ዘመን አልተወለድክም። ያ የቁርቁራ ዛፍ የእኛን የማሽላ ማሳ ከጎረቤታችን የሚለይ ነበር። በእኛ ዘንድ ሰው የራሱን ወሰን በራሱ አፍ መናገር ነውር ነው። ዳኛ ቢጠይቅ የአባቴን ወሰን የሚናገረው ጎረቤታችን፣ የእሱን የሚናገረው አባቴ ነበር። ወረቀት የሚባል አልነበረንም።

ጣሊያን ገብቶ ጎረቤታችንን ለመንገድ ሥራ ከወሰደው በኋላ፣ አንድ ረፋድ ላይ ጥጥ ሊያስዘራ የፈለገ ፈረንጅ ከአስተርጓሚው ጋር መጥቶ ማሳችን መሀል ቆመ። የደረቀው አገዳ በነፋስ ይንኮሻኮሽ ነበር።

«ይህ መሬት የማነው?» አለ አስተርጓሚው።

አባቴ ወደ ጎረቤታችን ማሳ አየ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ምላስህን ጅብ በላው?»

እኔ ጢሜ ገና ብቅ ያለ ጎረምሳ ነበርኩ። «የእኛ» ልል አፌን ስከፍት አባቴ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ።

«ዝም በል! ሰው ለራሱ ይመሰክራል እንዴ?» ከዚያ ወደ አስተርጓሚው ዞሮ፣ «ልጄ፣ ጎረቤቴን አስመጡትና ይንገራችሁ» አለው።

አስተርጓሚው ሳቀ። «ጥጡ እሱን አይጠብቅም!»

ወዲያው ችካል ተተከለ። ባለቤቱ እዚያው ቆሞ ሳለ «ባለቤት የለውም» ተባለ። ከዚያ በኋላ በገዛ ማሳችን ላይ ጥጥ ለቃሚ ሆንን።

ጣሊያን ሲወጣ የአገር ሽማግሌዎች ከቁርቁራው ሥር ተቀመጡ። አባቴ የጎረቤታችንን ወሰን ስንዝር ሳያጎድል ተናገረለት። የራሱን ሲጠይቁት ግን ወደ መንገዱ አየ። ጎረቤታችን ከመንገድ ሥራው አልተመለሰም ነበር።

«ወላሂ፣ ያንተ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን» አሉት።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ «እነሱ ይወቁ እንጂ እሱ አልተናገረልኝም» አለኝ።

አባቴ ጨዋ ሰው ነበር። ጨዋነቱ ግን ጨዋነትን ከማያውቅ ሰው አላዳነውም። እኔ ራሴን ማንበብ ካስተማርኩ በኋላ ለመሬቱ ወረቀት አውጥቻለሁ፤ አንተም እንዳትዘናጋ።

አሁንም ማሽላው ሲታጨድ ብቻዬን ወደ ቁርቁራው እሄዳለሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ «ከዚህ እስከ ወንዙ የጎረቤታችን ነው» እላለሁ። ከዚያ፣ የእኛን የሚናገር እንዳለ ሁሉ፣ ትንሽ ቆሜ እጠብቃለሁ።